ትምህርት አሥራ ሁለት፦ የርዳታ ማመልከቻ አጻጻፍ
(በቅርስነት የተመዘገበ ቤትን ስለ ማስጠገን)

ሀ. መግቢያ

ባለፈው ትምህርት የወዳጅነት ደብዳቤንና የሥራ ደብዳቤን ልዩነት ተምራችኋል። በዚህ ትምህርት ከሥራ ደብዳቤ ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ማመልከቻ እናጠናለን። ለምሳሌ የመረጥነው ጉዳይ በቅርስነት የተመዘገበ አሮጌ መኖሪያ ቤትን ለማስጠገን የገንዘብ ርዳታ መጠየቅ ነው። ይህን የመረጥነው የአጻጻፍ ጉድለት የሚያስከትለው ጉዳት በግልጽ ስለሚታይበት ነው። የተድበሰበሰ ማመልከቻ ማብራሪያ እየተጠየቀበት ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲመላለስ ክረምት ይገባል፤ የሚያፈስ ጣሪያ ደግሞ መልስ እስኪመጣ ድረስ አይጠብቅም።

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ፣

1. የማመልከቻን ክፍሎች በቅደም ተከተል ትዘረዝራላችሁ፤
2. በዓይን የታየን፣ በሰነድ የተረጋገጠንና በአፍ የተነገረን ነገር በተገቢው ግሥ ለይታችሁ ትጽፋላችሁ፤
3. የተሟላ የርዳታ ማመልከቻ ታዘጋጃላችሁ።

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

አሮጌ ቤትና ሕግ

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በቦረና የምትገኝ ከተማ ናት። ከከተማዋ በስተምዕራብ አገሩ እየቆለቆለ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ በስተሰሜን የሳይንት ደጋ ይገኛል። የደጋው ሰው ቤቱን በድንጋይና በጭቃ ሲገነባ ኖሯል። ግድግዳውን በወፍራሙ ይክባል፤ ጣሪያውን በእንጨት አዋቅሮ በሣር ይከድናል። ዛሬ ግን በብዙ ስፍራ ሣሩን ቆርቆሮ ተክቶታል።

እንዲህ ያለ ቤት ከእርጅና ይልቅ የሚጎዳው ውሃ ነው። ክዳኑ ሲሳሳ ዝናቡ በግድግዳው አናት ይገባል፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ጭቃ እያጠበ ያወርደዋል፤ ጭቃው ሲያልቅ ድንጋዩ ማረፊያ ያጣል። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ የሚሄድበት ቦይ ከሌለው ደግሞ መሠረቱን ይሸረሽራል። የራሰ ማገርና ወራጅ ይበሰብሳል። ስለዚህ አሮጌ ቤት የሚጠግን ሰው አስቀድሞ ክዳኑንና የውሃ መውረጃውን ይመለከታል፤ ግድግዳውን የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው ለቤቱ የሚበጅ መስሎት የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ይለስነዋል። ሲሚንቶ ጠንካራና እርጥበት የማያስወጣ ስለ ሆነ ግድግዳው ውስጥ የገባውን ውሃ አፍኖ ያስቀረዋል። ላዩ ደርቆ ሲታይ ውስጡ ይላሽቃል፤ ከጊዜ በኋላም ልስኑ ጭቃውን ይዞ ይወድቃል። በጭቃ የተሠራው በጭቃ፣ በኖራ የተሠራው በኖራ ቢጠገን ይሻላል መባሉ ስለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ቅርስ ስለሚባለው ነገር የሕጉ አመለካከት ከዘመን ወደ ዘመን ተለውጧል። በ1958 ዓ.ም. ስለ ጥንታዊ ቅርሶች የወጣው አዋጅ ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠሩትን ነገሮች የሚመለከት ነበር። በዚህ መለኪያ ንጉሥ ሚካኤል በ1907 ዓ.ም. በደሴ ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ እንኳ በዕድሜው ምክንያት ከመስመሩ ውጭ ይወድቅ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ግን የዓመት ገደብ አላስቀመጠም፤ ነገሩ በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በሥነ ጥበብ ወይም በእጅ ሥራ ያለውን ዋጋ መለኪያ አደረገ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ቅርሶችን በአገር አቀፍና በክልል ደረጃ የሚመድብ ሌላ አዋጅ ወጣ።

የ1992ቱ አዋጅ ቅርስ በመንግሥትም ሆነ በግለሰብ እጅ ሊሆን እንደሚችል ተቀብሏል። ለባለይዞታው ግን ግዴታ ሰጥቶታል። ቅርሱን በራሱ ወጪ ይጠብቃል፤ ጥገና ለማድረግ ሲያስብም አስቀድሞ የሚመለከተውን ባለሥልጣን ያስፈቅዳል። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን፣ መንግሥት የወጪውን ከፊል ለመሸፈን ርዳታ መስጠትን ጨምሮ አስፈላጊውን ርምጃ ሊወስድ እንደሚችል አዋጁ ደንግጓል። «ከአቅም በላይ»፣ «ከፊል» እና «ሊወስድ ይችላል» የሚሉትን ሦስት ነገሮች ልብ በሉ። አመልካች ችግሩን ማስረዳት አለበት፤ ሙሉውን ወጪ መጠበቅ የለበትም፤ ርዳታው እንደሚሰጠውም አስቀድሞ እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። ነገሩ በሌላም አገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። በእንግሊዝ አገር በታሪካዊነቱ የተመዘገበ ቤት ባለቤት ያለ ፈቃድ የቤቱን ታሪካዊ መልክ ሊለውጥ አይችልም፤ ቤቱ መመዝገቡ ብቻውን ግን ገንዘብ አያስገኝለትም።

ከሁሉ አስቀድሞ መጣራት ያለበት የባለቤትነት ጥያቄ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ከወጣ ወዲህ በየከተማው ብዙ አሮጌ ቤቶች የቀበሌ ወይም የመንግሥት ሆነዋል። በእንዲህ ያለ ቤት በኪራይ የሚኖር ሰው ስለ ቤቱ ጉዳት ማመልከት ይችላል፤ ነገር ግን ባለቤት ነኝ ብሎ ቢጽፍ ጥያቄው ገና ከመጀመሪያው መሠረት ያጣል።

ሐ. የቃላት ፍች

ካበ — ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደራርቦ ሠራ
ለሰነ — ግድግዳን በጭቃ፣ በኖራ ወይም በሲሚንቶ ለቀለቀ፤ አስተካከለ
ሸረሸረ — ውሃ አፈርን እየበላ ወሰደ
ላሸቀ — ረጥቦ ጥንካሬውን አጣ
ይዞታ — በአንድ ሰው ወይም ድርጅት እጅ ያለ ንብረት
ሲሶ — ከሦስት አንድ እጅ

መ. የሰዋስው ማስታወሻ

1. ባለቤትና ግሥ። በሰዋስው ባለቤት የምንለው ድርጊቱን የሚፈጽመውን ነው። ማመልከቻ በ«እኔ» ከተጀመረ እስከ መጨረሻው በ«እኔ»፣ በ«እኛ» ከተጀመረ በ«እኛ» መቀጠል አለበት። «እኔ አመልካች ቤቱን ከአባቴ ወርሼ እየኖርንበት ሳለ ጣሪያው ስላፈሰሰበት» የሚለው ዐረፍተ ነገር ባለቤቱን ይለዋውጣል። አንባቢውም ቤቱ የአንድ ሰው ይሁን የቤተሰብ፣ ያፈሰሰበትም ማን እንደ ሆነ መለየት ያቅተዋል።

2. የማስረጃ ግሦች። ያያችሁትን «አይቻለሁ»፣ የለካችሁትን «ለክቻለሁ»፣ በሰነድ ያለውን «በሰነዱ ተገልጿል»፣ ከሽማግሌዎች የሰማችሁትን «ይነገራል» ወይም «እንደሚሉት» ብላችሁ ጻፉ። «ቤቱ በንጉሥ ሚካኤል ዘመን ተሠራ» እና «ቤቱ በንጉሥ ሚካኤል ዘመን እንደ ተሠራ ሽማግሌዎች ይናገራሉ» የሚሉት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ማስረጃ ያስጠይቃል፤ ሁለተኛው ማስረጃው የሽማግሌዎች ቃል መሆኑን ራሱ ይናገራል። «ይነገራል» ማለት ማመልከቻን ያደክማል ብላችሁ አትፍሩ። መርማሪው አንድ የተጋነነ ነገር ካገኘ የቀረውንም እውነት ይጠራጠራል።

3. አሉታዊ ግሥ። «አይጠየፍ» የሚለው ስም ከአሉታዊ ግሥ የተገኘ ነው፤ ማንንም የማይንቅ፣ ሁሉን የሚቀበል ማለት ነው። ራሱን ችሎ ዐረፍተ ነገር ሲዘጋ «አይጠየፍም» ይሆናል። ስም ሲሆን መጨረሻው ላይ ያለውን «ም» ይጥላል።

4. የግዕዝ ዘርፍ። «መካነ ሰላም» ማለት የሰላም ስፍራ ማለት ነው። በአማርኛ ዘርፉ «የ»ን ይዞ ይቀድማል፤ በግዕዝ ግን ባለዘርፉ ቀድሞ መጨረሻው ወደ ግዕዝ ፊደል ይለወጣል። «መካን» «መካነ»፣ «ቤት» «ቤተ» ይሆናሉ። «ቤተ መዘክር» እና «ሥነ ሕንፃ» የሚሉትም በዚሁ ሥርዓት የተሠሩ ናቸው።

ሠ. የማመልከቻ ክፍሎች

ማመልከቻ ቀን፣ የተቀባይ መሥሪያ ቤት ስምና አድራሻ፣ ጉዳይ፣ ሐተታ፣ ጥያቄ፣ የአባሪዎች ዝርዝር፣ እንዲሁም የአመልካች ስም፣ ፊርማና አድራሻ አሉት። የርዳታ ማመልከቻ ሐተታ ለሚከተሉት አምስት ጥያቄዎች መልስ መስጠት አለበት። ቤቱ ምንድን ነው? ጉዳቱ ምንድን ነው? ምን ይደረግ? ምን ያህል ያስወጣል? አመልካቹስ ምን ያዋጣል? የመጨረሻውን ብዙ አመልካቾች ይረሱታል። ድንጋይ ማቅረብ፣ ሣር ማጨድ፣ በደቦ ጉልበት መስጠት ሁሉ መዋጮ ነው፤ በቀንና በሰው ቁጥር ተሰልቶ ሊጻፍ ይገባል።

ረ. ምሳሌዎች

ሁለቱም ምሳሌዎች ለልምምድ የተዘጋጁ ናቸው። መጀመሪያ ጉድለት ያለበትን አንብቡ።

«ቤታችን በዓለም ላይ ተወዳዳሪ የማይገኝለት እጅግ ጥንታዊ ሲሆን አሁን ሊፈርስ ስለ ሆነ የድኻ አባት የሆነው መሥሪያ ቤታችሁ በአስቸኳይ ያለኝን ችግር ተመልክቶ የሚቻለውን ሁሉ እንዲያደርግልን በእንባ እንለምናለን።»

በዚህ ማመልከቻ ቤቱ የት እንዳለ፣ ምኑ እንደ ተጎዳ፣ የተጠየቀውም ገንዘብ ይሁን ባለሙያ አይታወቅም። «የሚቻለውን ሁሉ» ለሚል ጥያቄ አንድ የተወሰነ መልስ መስጠት ያስቸግራል። ባለቤቱም ከ«እኛ» ወደ «እኔ»፣ ከ«እኔ» ወደ «እኛ» ተለዋውጧል። ምስጋናና ልመና በዝቶ ጉዳዩ ጠፍቷል። አሁን የተስተካከለውን ተመልከቱ።

ቀን ............... ዓ.ም.

ለቦረና ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት
መካነ ሰላም

ጉዳዩ፦ በቅርስነት ለተመዘገበ ቤት የጥገና ፈቃድና የገንዘብ ርዳታ ስለ መጠየቅ

እኔ አመልካች ............... ቀበሌ የሚገኘውንና በመዝገብ ቁጥር ............... በቅርስነት የተመዘገበውን ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት ከአባቴ ወርሼ እኖርበታለሁ። ቤቱን አያቴ እንዳሠሩት የአካባቢው ሽማግሌዎች ይናገራሉ።

ባለፈው ክረምት በምሥራቅ በኩል ያለው ክዳን በማፍሰሱ ከሥሩ ያሉት ሁለት ወራጆች በስብሰዋል። በዚያው በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ስንጥቅ ለክቻለሁ። ጉዳቱ ከመጪው ክረምት በፊት ካልተጠገነ ግድግዳው ሊናድ እንደሚችል ቤቱን ያየው ግንበኛ በጽሑፍ ገልጿል።

የታሰበው ጥገና ወራጆቹን በተመሳሳይ እንጨት መተካት፣ ክዳኑን ማደስ፣ ስንጥቁን በቀድሞው ዓይነት ጭቃ መሙላትና የውሃ መውረጃ ቦይ መቆፈር ነው። የቤቱ በሮች፣ መስኮቶችና ደረጃ አይነኩም። ጠቅላላው ወጪ ብር ............... እንደሚሆን ተገምቷል። ከዚህ ውስጥ ሲሶውን በድንጋይ፣ በሣርና በጎረቤቶቼ የደቦ ሥራ እሸፍናለሁ። የቀረው ከገቢዬ በላይ መሆኑን የቀበሌው ማስረጃ ያስረዳል።

ስለዚህ አንደኛ፣ የቅርስ ባለሙያ ቤቱን አይቶ ስለ አጠጋገኑ መመሪያ እንዲሰጠኝ፤ ሁለተኛ፣ የጥገና ፈቃድ እንዲሰጠኝ ጥያቄዬ ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲተላለፍልኝ፤ ሦስተኛ፣ ከአቅሜ በላይ ለሆነው ወጪ የገንዘብ ርዳታ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

አባሪ፦ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የምዝገባ ማስረጃ፣ አራት ፎቶግራፎች፣ የግንበኛ አስተያየት፣ የወጪ ዝርዝር፣ የቀበሌ የገቢ ማስረጃ።

ከአክብሮት ጋር
ስም ...............
ፊርማ ...............
አድራሻ ...............

ይህ ማመልከቻ ከፊተኛው ቢረዝምም ለማንበብ ይቀላል። እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ሐሳብ ይዟል፤ ጥያቄዎቹም በቁጥር ስለ ተለዩ መሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ባይኖረው እንኳ ባለሙያ ሊልክ ይችላል። አመልካቹም ሁሉን ከማጣት ይድናል። የማመልከቻው አንድ ግልባጭ ከአባሪዎቹ ቅጂ ጋር በአመልካቹ እጅ መቅረት እንዳለበት፣ መሥሪያ ቤቱ የተቀበለበት ቀንም በግልባጩ ላይ መጻፍ እንዳለበት አትርሱ።

ሰ. መልመጃ

አንድ። በምንባቡ መሠረት መልሱ።

1. አሮጌ ቤት ሲጠገን ከግድግዳው በፊት ምን መታየት አለበት? ለምን?
2. አይጠየፍ አዳራሽ በ1958ቱ አዋጅ መለኪያ ከመስመሩ ውጭ የሚወድቀው ለምንድን ነው?
3. «ርዳታ ይሰጣል» እና «ርዳታ ሊሰጥ ይችላል» በሚሉት መካከል ለአመልካች ምን ልዩነት አለ?

ሁለት። የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አስተካክላችሁ ጻፉ።

1. እኛ አመልካቾች ቤቴ በመጎዳቱ ርዳታ እጠይቃለሁ።
2. ቤቱ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት መሠራቱ የታወቀ ነው። (ምንጩ የአንድ ሽማግሌ ቃል ብቻ ነው።)
3. ግድግዳው በጣም ብዙ ተሰንጥቋል። (ልኩን በመጨመር)

ሦስት። በሰፈራችሁ ካሉት አሮጌ ቤቶች አንዱን ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ጎብኙ። ያያችሁትን፣ የለካችሁትንና የሰማችሁትን በሦስት ዓምድ ለዩ። ከዚያም ቤቱ ተመዝግቦ ከሆነ ለጥገናው፣ ካልተመዘገበ ለምዝገባው ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ማመልከቻ አዘጋጁ። ለባለቤቱ አንብባችሁ አሰሙ፤ ስሕተት ካለ አርማችሁ ንጹሕ ቅጂውን ስጧቸው። ቢፈልጉ ፈርመው ያስገቡታል።