ደንብና ወሰኑ፦ ለሒሳብ ፈተና ስንዘጋጅ

የፈተና ወቅት ሲቃረብ በየቤተ መጻሕፍቱ የሚታየው ሁኔታ ተመሳሳይ ነው። ተማሪው ያለፉትን ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ይሰበስባል፤ ቀመሮችን በአንድ ገጽ ላይ ይደረድራል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲሸመድድ ያድራል። ውጤቱ ሲለጠፍ ግን «ደንቡን አውቀው ነበር፤ ለምን ተሳሳትኩ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። እኛም በተማሪነታችን ዘመን ጠይቀነዋል። መልሱ ቀመርን ማወቅና ደንብን ማወቅ አንድ አለመሆናቸው ነው። ደንብ ማለት ቀመሩ ከነቅድመ ሁኔታው ነውና።

ከመጀመሪያ ዓመት የካልኩለስ ትምህርት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ተለዋዋጩን «ቀ» ብንለው፣ የ1/ቀ² ኢንተግራል ከ-1 እስከ 1 ስንት ነው? ተማሪው አንቲዴሪቬቲቩ -1/ቀ መሆኑን ያስታውሳል፤ ሁለቱን ጫፎች ይተካል፤ -2 ብሎም ይጽፋል። ስሌቱ እንከን የሌለው ይመስላል። ይሁንና 1/ቀ² ምን ጊዜም ከዜሮ በላይ ነው። ታዲያ በግራፉ ሥር ያለው ስፋት እንዴት ከዜሮ ያነሰ ሊሆን ይችላል?

ስሕተቱ የተፈጸመው ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። የካልኩለስ መሠረታዊ ቲዎረም ፈንክሽኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጣይነት እንዲኖረው ይጠይቃል። ፈንክሽናችን ግን በዜሮ ላይ ዋጋ የለውም፤ ወደ ዜሮ ስንቀርብም ያለ ገደብ ያድጋል። ስለዚህ ኢንተግራሉ ውሱን ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ምሳሌ የሎፒታል ደንብ ነው። ደንቡን ያገኘው ዮሐን ቤርኑሊ ሲሆን፣ በስሙ የሚጠራው ሎፒታል እ.ኤ.አ. በ1696 ባሳተመው የካልኩለስ መጽሐፍ ለአንባቢ አቅርቦታል። ቀ ወደ ኢንፊኒቲ ሲያመራ (ቀ + ሳይን ቀ)/ቀ ወዴት ይጠጋል? ላዕሉና ታህቱ ሁለቱም ወደ ኢንፊኒቲ ስለሚያመሩ ተማሪው የሁለቱን ዴሪቬቲቭ ወስዶ 1 + ኮሳይን ቀ ላይ ይደርሳል። ይህ በ0 እና በ2 መካከል ሲዋዥቅ ይኖራል እንጂ የትም አያርፍም። «ስለዚህ ሊሚት የለውም» ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። ደንቡ የዴሪቬቲቮቹ ክፍልፋይ ሊሚት ካለው ይላል እንጂ፣ ከሌለው ስለሚሆነው ነገር ምንም አይናገርም። ጥያቄውን 1 + (ሳይን ቀ)/ቀ አድርገን ብንጽፈው መልሱ 1 መሆኑ ወዲያው ይታያል።

በፊዚክስም ነገሩ ይኸው ነው። በሁለተኛ ደረጃ የምንማረው የፔንዱለም ቀመር የውዝዋዜው ጊዜ በገመዱ ርዝመትና በመሬት ስበት ብቻ እንደሚወሰን ይገልጻል። ይህ የሚሠራው ለትንሽ ማዕዘን ነው። ፔንዱለሙን 60 ዲግሪ ዘርግተን ብንለቀው እውነተኛው ጊዜ ከቀመሩ 7 በመቶ ያህል ይረዝማል። ተፈጥሮ የረሳነውን ቅድመ ሁኔታ አትረሳም።

እንግዲህ እንዴት እንዘጋጅ? አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ደንብ ሦስት መስመር እንጻፍ፦ ምን ይላል? መቼ ይሠራል? የማይሠራበት አንድ ምሳሌ የትኛው ነው? ሦስተኛውን መስመር ራሱ ፈልጎ የሞላ ተማሪ ደንቡን አውቆታል። ሁለተኛ፣ የቆዩ ፈተናዎችን መልሱን ሳናይ፣ በሰዓት ወስነን እንሥራ፤ ከዚያም ስሕተታችን የስሌት ነው ወይስ የቅድመ ሁኔታ ብለን እንለየው። የስሌት ስሕተት በልምምድ ይቀንሳል፤ የቅድመ ሁኔታ ስሕተት ግን ወደ ደንቡ ተመልሶ ማንበብን ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ በፈተና አዳራሽ የጥያቄውን ትእዛዝ እናስተውል። «አረጋግጥ» የሚል ጥያቄ በቁጥር ብቻ አይመለስም። መልሱን ካገኘን በኋላም ምልክቱና መጠኑ ከጥያቄው ጋር መስማማቱን እንመርምር። የ-2ን ስሕተት ለማጋለጥ ግራፉን ለአፍታ ማየት ይበቃ ነበር።

ለመለያያ ያህል አንድ ጥያቄ ለአንባቢ እንተው። የቀ² ካሬ ሥር ራሱ ቀ ነው የሚለው የተለመደ አባባል ለየትኞቹ ቁጥሮች ይሠራል? ለየትኞቹስ አይሠራም?