አባትህ ሲደክሙ «እርጅና ነው» ብለህ አትለፍ

ልጄ፣ ዕድሜዬን በነርስነት የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ሽማግሌ አቅም የምነግርህን አደራ ልብ በል።

1. ዕድሜንና የአቅም መድከምን አንድ አታድርግ። በ80 ዓመታቸው ዳገት ወጥተው የሚያስቀድሱ አሉ፤ በ66 ዓመታቸው ከወንበር ለመነሳት ደጋፊ የሚፈልጉም አሉ። አቅም የደከመበት ሰው ሰውነቱ መጠባበቂያ የለውም፤ ሌላው ቆሞ የሚያሳልፈው ጉንፋን እሱን አልጋ ላይ ይጥለዋል።

2. ምልክቶቹን እወቅ። አሜሪካዊቷ ሐኪም ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቿ በ2001 እ.ኤ.አ. አምስት አስቀምጠዋል፦ ሳይፈልጉ መክሳት፣ ቶሎ መዛል፣ የእጅ ጉልበት ማነስ፣ የእርምጃ መዘግየት፣ እንቅስቃሴ መቀነስ። ሦስትና ከዚያ በላይ የታየበት ደክሟል ይባላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን አንድ ወይም ሁለት የታየበት ነው፤ ይበልጥ በቀላሉ ሊመለስ የሚችለው እሱ ነውና። መክሳት የሚባለው በዓመት 4.5 ኪሎ ገደማ ሲቀንሱ ነው። ቤት ውስጥ ሚዛን ከሌለ ቀበቷቸውን እይ፤ አዲስ ቀዳዳ በስተውለት ከሆነ ነገር አለ።

3. ለካ። ከወንበር ተነስተው፣ 3 ሜትር ሄደው፣ ዞረው ተመልሰው ይቀመጡ፤ አንተ በስልክህ ሰዓት ያዝ። ከዘራ ካላቸው በከዘራቸው ይሂዱ፣ አታስቸኩላቸው፣ እንዳይወድቁ አጠገባቸው ሁን። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀባቸው የመውደቅ አደጋ አለ። ቁጥሩን ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፍና ከጥቂት ወራት በኋላ ድገመው፤ የአንድ ቀን ልኬት ብቻውን ብዙ አይናገርም።

4. የካናዳው ሐኪም ኬኔት ሮክውድ ደግሞ የጎደለውን ይቆጥራል፦ በሽታው፣ የመስማት ችግሩ፣ ገላ ለመታጠብ እርዳታ መፈለጉ። ከ40 ነገሮች 10 ከጎደሉ ድርሻው 0.25 ይሆናል፤ ብዙዎች ድካም የሚሉት ከዚያ ጀምሮ ነው። ይህን ለሐኪም ተወው።

5. ሥራቸውን አትቀማቸው። «አንተ አርፈህ ተቀመጥ አባባ» ማለት ፍቅር ይመስላል፤ ያልሠራ ጡንቻ ግን ይሟሽሻል። ውሃ ያጠጡ፣ አትክልት ይኮትኩቱ፣ ከወንበር ደጋግመው ይነሱ። ምስር፣ ሽሮ፣ ፍስክ ሲሆን እንቁላል ከማዕዳቸው አይጥፋ። በጾም ወራት እየከሱ ከሄዱ የንስሐ አባታቸውን አማክር።

6. ሳይፈልጉ ከከሱ ሐኪም ዘንድ ውሰዳቸው። ስኳር፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የጥርስ ሕመም፣ የተደበቀ ኀዘን፣ የመድኃኒት ብዛት ሁሉ ሰውን ያከሳል። ደብተርህን ያዝ፤ የሚውጡትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል አድርገህ ሐኪሙ ፊት ዘርግፈው።