ለወንዝ ዳር መከላከያ የሚሆን ካስማ አመራረጥና አዘገጃጀት

በፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ ወንዞች በክረምት ሲሞሉ ዳርቻቸውን እየናዱ የእርሻ መሬት ይወስዳሉ። ገበሬው መሬቱን ለማዳን ካስማ ተክሎ በጭራሮ ያጥራል። ይሁን እንጂ ካስማው ብዙ ጊዜ ጥቂት ክረምት እንኳ ሳይቆይ ከአፈሩ አፍ ላይ ተቀንጥሶ ይወድቃል፤ የማኅበሩ ገንዘብና የአባላቱ ጉልበትም አብሮ ይሄዳል። ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከእንጨቱ ምርጫ ነው።

እንጨት የሚበሰብሰው እርጥበትና አየር በአንድነት ሲያገኝ ነው። ዘወትር በውኃ ውስጥ ያለው ክፍል ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ አንዴ የሚርሰው፣ አንዴ የሚደርቀው መካከለኛው ክፍል ግን ቶሎ ይጎዳል። ስለዚህ ጥንካሬው የሚፈለገው በዚህ ቦታ ነው።

ሀ/ የእንጨት ምርጫ

የጥድና የወይራ ልብ መበስበስንና ምስጥን በሚገባ ይቋቋማል። ነገር ግን የተፈጥሮ ደናችን ስለተመናመነ ለካስማ ሲባል ከደን እንዲቆረጡ አንመክርም፤ ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥም በሕግ ያስጠይቃል። የሚቀርበው ምንጭ የገበሬው የራሱ ባሕር ዛፍ ነው። በተለይ ቀይ ባሕር ዛፍ ከነጩ ይልቅ ይቆያል።

ሲገዙ የተቆረጠውን ፊት ይመልከቱ። የውጭው ነጣ ያለው ክፍል ቶሎ ይበሰብሳል፤ የሚቆየው ጠቆር ያለው ልቡ ነው። ለጋ አጣና አብዛኛው ነጭ ስለሆነ ዋጋው ቢረክስም አያዋጣም። ውፍረቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ቀጥ ያለ፣ የነቀዝ ቀዳዳ የሌለበት ይመረጥ።

ለ/ አዘገጃጀት

1. እንጨቱ በበጋ ይቆረጥ፤ ቅርፊቱ ወዲያውኑ ይላጥ።
2. ከመሬት ከፍ ብሎ በጥላ ሥር ይደርድር። ፀሐይ ላይ ከደረቀ ጫፉ ይሰነጠቃል።
3. ጫፉን በእሳት መለብለብ የተለመደ ቢሆንም አስተማማኝ አይደለም፤ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ብስባሹ በስንጥቁ ይገባል።
4. የተቃጠለ የሞተር ዘይት አይቀባ። ሰውና ከብት የሚጠጡትን ውኃ ይበክላል።

ሐ/ አተካከል

ሥራው ወንዙ ሲጎድል ተጀምሮ ከክረምት በፊት ይለቅ። ከላይ የሚታየውን ያህል ወይም የበለጠ ወደ ታች ይቀበር፤ ጎርፍ የወንዙን ወለል ስለሚሸረሽር አጭር ካስማ ተነቅሎ ይሄዳል። ግርጌው በድንጋይ ይደገፍ። ገደሉ ከሰው ቁመት በላይ ከሆነ ካስማ ብቻውን ስለማይችለው የወረዳውን ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ግን የደረቀ ካስማ ጊዜያዊ መሆኑን አንዘንጋ። በመካከሉ የአኻያ ቅርንጫፍ በእርጥቡ ቢተከል ሥር ሰድዶ ያቆጠቁጣል። ከበላዩም የዝሆኔ ሣር ይተከል፤ ከብትም እንዳይገባበት ይጠበቅ። የደረቀው ካስማ እስኪበሰብስ ድረስ የአኻያው ሥር አፈሩን ይይዛል።

የልማት ሠራተኞች ማኅበራት እንጨት ከመግዛታቸው በፊት ይህን እንዲያስረዱ እናሳስባለን።