ሚያዝያ 27፤ ኀዘንና ደስታ የተገናኙባት ዕለት

ስንክሳራችን የተዘጋጀው በዓመታት ተራ ሳይሆን በዕለታት ተራ ነው። ስለዚህ በዘመን እጅግ የተራራቁ ሰማዕትና መነኩሴ በአንዲት ዕለት ንባብ አብረው ይታሰባሉ። ዕለቲቱን የምናከብራትም በእርስዋ ስለ ተፈጸመው ሥራ ነው እንጂ፥ በራስዋ ዕድለኛ ስለ ሆነች አይደለም። ከምእመናን መካከል ግን ዛሬም አንዱን ቀን ክፉ፥ ሌላውን ደግ እያሉ ጉዞንና ሥራን የሚያስተጓጉሉ አሉ። ይህ አሳብ የቀና አለመሆኑን የሀገራችን ታሪክ ያስረዳናል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በማርሻል ባዶልዮ መሪነት አዲስ አበባ ገባ። ያን ጊዜ በኀዘን የተመታ ሰው ዕለቲቱን የተረገመች ቢላት ማን በፈረደበት? ነገር ግን ልክ በአምስተኛው ዓመት፥ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ወደዚያችው ከተማ በድል ገቡ። የልቅሶዋ ዕለት የእልልታ ዕለት ሆነች።

እንግዲህ ዕለቲቱ አንዲት ስትሆን ኀዘኑን ወደ ደስታ ያሻገረው ምንድን ነው? የቀን ዕድል አይደለም። ከእግዚአብሔር ቸርነት በታች፥ በሁለቱ ዕለታት መካከል የተከፈለው ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ ሕዝባቸውን ለጠላት ተገዛ አንልም ብለው በጥይት ተገደሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ ያለ ፍርድ ተጨፈጨፈ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። አርበኞች በዱር በገደል ተዋደቁ፤ በመጨረሻም የእንግሊዝ ጦር አብሮ ተሰለፈ።

በደርግ ዘመን በዓሉ ከተማዪቱ ከጠላት ነፃ ወደ ወጣችበት ወደ መጋቢት 28 ተዛውሮ ነበር፤ ኋላ ግን ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። በዓል በዐዋጅ ከቀን ወደ ቀን ይዛወራል፤ የሰማዕታት ደም ግን የትም ቀን ቢታሰብ ዋጋው አይጐድልም።

ስለዚህ በየዓመቱ ይህች ዕለት ስትደርስ ሁለቱንም ሚያዝያ 27 ለልጆቻችን ልንነግራቸው ይገባናል። ድሉን ብቻ የሚያስብ የሞቱለትን ይረሳል፤ በደሉን ብቻ የሚያስብ ደግሞ ቂም ይወርሳል። ንጉሠ ነገሥቱም በድሉ ዕለት ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዝዘው ነበር። እኛም ሙታኑን በጸሎት እያሰብን፥ ቂሙን እየተውን፥ ዕለታችንን በመልካም ሥራ እንሙላ።