መሰናክሉ አይወድቅም



በዋጃ ሜዳ ስንሯሯጥ ያደግን ሁሉ ሩጫን እናውቃለን። ዛሬ የምናጠናው ግን ስለ 3000 ሜትር መሰናክል ነው። ሯጩ 28 ጊዜ መሰናክል፣ 7 ጊዜ ደግሞ ውኃ ይዘልላል። አግዳሚው ከባድ ነው፤ ቢመቱት የሚወድቀው ሯጩ እንጂ እርሱ አይደለም። ሆኖም እግርን አሳርፎ፣ ረግጦት ማለፍ ይፈቀዳል።

እሸቱ ቱራ በ1980 (እ.ኤ.አ.) በሞስኮ ኦሎምፒክ በዚህ ውድድር የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። ለሜቻ ግርማም በ2023 ፓሪስ ላይ በ7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2024 በዚያችው ከተማ፣ በኦሎምፒኩ ፍጻሜ የመጨረሻ ዙር፣ መሰናክል ጠልፎት ወደቀ፤ በቃሬዛም ተወሰደ። በ2025 ግን በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ተሰለፈ። ሜዳሊያ ባያገኝም፣ የጣለውን መሰናክል እንደገና ዘለለው።

ከእኛም መካከል አንዱ ፈተና ወድቆ፣ ሌላው ዝናብ ቀርቶ ማሳው ደርቆበት፣ አንገቱን ደፍቶ ቤት የተቀመጠ አለ። ወንድሞችና እኅቶች፣ መሰናክሉ እስኪነሣልን ብንጠብቅ ሩጫው ያልቃል። የወደቀውን ጓደኛችንን ሄደን እንጠይቀው፤ ደግፈንም እናስነሣው።

የመወያያ ጥያቄ፦ ዘልላችሁ ማለፍ ያቃታችሁ፣ ረግጣችሁ ግን ልታልፉት የምትችሉት መሰናክል የትኛው ነው?