የፊት ዳኝነት ይቅርብን

  

ስለ መልካም ሥነ ምግባር ሲወራ ሐሜት፣ የጎረቤት ሐቅና የወላጅ መብት ቶሎ ይነሳሉ። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ብዙም ያልተነካ ጉዳይ ነው። ይኸውም የማናውቀው ሰው ያልጠበቅነውን ነገር ሲያደርግ በምን እንደምንፈርድበት፣ የተፈረደበትስ ሰው ምን ማድረግ እንደሚገባው ነው። ጉዳዩን የማነሳው ከዳር ቆሜ አይደለም። እኔ ኦቲዝም ያለብኝ ሰው ነኝ።

በ2014 ዓ.ም. በአንድ የጁምዓ ቀን አዲስ አበባ ውስጥ ከሚገኝ መስጂድ ሰግጄ ወጣሁ። ሰው ሲጋፋ መሐል መቆም ስለማልችል ሁልጊዜ ሕዝቡ እስኪቀልል ድረስ ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ ጥግ ይዤ እጠብቃለሁ። የተዘበራረቀ ነገር ስለሚያስጨንቀኝም የተበታተኑትን ጫማዎች ጥንድ ጥንዱን እያገናኘሁ ማስተካከል ልማዴ ነው። በዚያን ዕለት ይህንኑ ሳደርግ አንድ ጎልማሳ መጥቶ ጫማውን አጣ። እጄ ላይ የሰው ጫማ አየና «የኔን የት አደረስከው?» ብሎ ኮሌታዬን ጨምድዶ ያዘኝ።

እኔ ስደነግጥ ቃል ከአፌ አይወጣም። የምመልሰውን አውቀዋለሁ፤ ምላሴ ግን አይታዘዘኝም። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ዝም አልሁ። ሰዎች ከበቡን። አንዱ «ሌባ ባይሆን ቀና ብሎ ያይ ነበር» አለ። ሌላው «ንጹሕ ሰው ዝም አይልም» አለ። ሦስተኛው «ተዉት፣ ጂን ሳይኖርበት አይቀርም» አለ። ይህ ሦስተኛው ሊያስጥለኝ የፈለገ ደግ ሰው ነበር፤ ነገር ግን እርሱም ተሳስቷል።

በመጨረሻ አንድ ሸምገል ያሉ ሐጂ ሰውን ገፋ ገፋ አድርገው ገቡና «ልጁን ልቀቀው፤ መጀመሪያ በየት በር እንደገባህ አስታውስ» አሉት። ጫማው በሌላኛው በር በኩል ካለው መደርደሪያ ላይ ተገኘ። ሰውየው ጫማውን አጥልቆ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ሄደ። የተቀደደው ኮሌታዬ በማግሥቱ ተሰፋ። እኔ ግን ለሦስት ወር ወደዚያ መስጂድ አልተመለስሁም።

እንግዲህ ያ ሁሉ ሰው ክፉ ነበር ማለት አይደለም። ከሰላት የወጡ ሙእሚኖች ናቸው። የፈረዱብኝ በሁለት ማስረጃ ነው፤ ዓይኔን በመስበሬና ዝም በማለቴ። ሁለቱም ግን ማስረጃ አልነበሩም።

ኦቲዝም ምንድን ነው?

ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ የአእምሮ አሠራር ልዩነት ነው። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 የ11 ሕፃናትን ሁኔታ መዝግቦ ባሳተመው ጽሑፍ በሕክምናው ዓለም ስም ያዘ። አንዳንዱ ጨርሶ አይናገርም፤ አንዳንዱ እንደኔ ይናገራል፣ ሥራ ይሠራል፣ ነገር ግን የሰውን ፊት፣ የድምፅ ቃና፣ ቀልድና አሽሙር መለየት ይከብደዋል። ድምፅ፣ ብርሃንና ግፊያ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይጎዱታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እናት ልጇን በማቀፍ ስላጓደለችም አይመጣም።

በአገራችን ስለዚህ ጉዳይ በአደባባይ መናገር የተጀመረው በቅርቡ ነው። ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እስከ ዕለተ ሞታቸውም፣ ማለትም እስከ 2021 ድረስ፣ በቤት ተደብቀው የሚኖሩ ልጆች ወደ ውጭ እንዲወጡ ደክመዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳለፈው ውሳኔ ኤፕሪል 2 ቀን በየዓመቱ የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን እንዲሆን ደንግጓል።

ለዛሬው ርእሳችን በጣም የሚጠቅሙ ሁለት ነጥቦች አሉ። አንደኛው፣ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ዴሚያን ሚልተን የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2012 ያቀረበው ሐሳብ ነው። አለመግባባቱ የአንድ ወገን ጉድለት ሳይሆን የሁለት ወገን ነው ይላል፤ እኔ የሌላውን ሰው ፊት ማንበብ ሲያቅተኝ ሌላውም የኔን ፊት ማንበብ ያቅተዋል። ሁለተኛው፣ ኖህ ሳሰንና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ጥናት ነው። ተመልካቾች ኦቲዝም ያለበትን ሰው ለጥቂት ሴኮንድ በምስል አይተው ወይም ድምፁን ሰምተው ሲመዝኑት ዝቅ አድርገው ገመቱት። የተናገረው ቃል ብቻ በጽሑፍ ሲሰጣቸው ግን ያ ልዩነት ጠፋ። ሱብሓነላህ! ሰዎችን ያስከፋቸው የተናገረው ነገር ሳይሆን አነጋገሩና ፊቱ ነበር ማለት ነው።

ልማዳችንና እኔ

በልጅነቴ ዓይኔን መስበሬ አስመስግኖኛል። «እንዴት ያለ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው፣ ትልቅ ሰው ፊት ቀና አይልም» ይባልልኝ ነበር። ሳድግ ያው ዓይን «ይህ ሰው የሚደብቀው ነገር አለ» አሰኘኝ። እኔ አልተለወጥሁም፤ የተለወጠው ፍርዱ ነው።

እንዲሁም በእኛ አገር የሚበላ ሰው መንገደኛውን «እንብላ» ይላል። መንገደኛው «ብሉ፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ያልፋል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ሌሎች ልጆች ሳይማሩት ያውቁታል። እኔ ግን «እንብላ» ሲሉኝ እጄን ታጥቤ እቀመጥ ነበር። ሰዎቹ እየተሳሳቁ ያበሉኝ ነበር፤ እናቴ ግን «ሆዳም አስባልከኝ» ብላ ታለቅስ ነበር። «ቤት ብቅ በል» ሲሉኝም በነጋታው ብቅ እላለሁ።

ይህን ሳስብ ሱረቱ ኑር (24) አንቀጽ 28 ያጽናናኛል። እዚያ ላይ የቤቱ ባለቤት እንግዳውን «ተመለስ» ሊለው እንደሚችል፣ እንግዳውም ቅር ሳይለው ቢመለስ ለእርሱ የጠራ እንደሆነ እንማራለን። ግልጽ ቃል ነውር አይደለም ማለት ነው። እኛ ግን ፊታችንን አጨፍግገን ሰውየው ራሱ እንዲረዳው እንጠብቃለን፤ ሳይረዳው ሲቀርም ባለጌ እንለዋለን።

ከሰሐቦች ታሪክ

ሙዓዊያ ኢብኑል ሐከም (ረ.ዐ) ለእስልምና አዲስ በነበሩበት ጊዜ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኋላ እየሰገዱ ሳለ አንድ ሰው አነጠሰ። እርሳቸውም በሰላት መሐል ድምፃቸውን አውጥተው ዱዓ አደረጉለት። ሰጋጆቹ አፈጠጡባቸው። ሙዓዊያ ግን ምን እንዳጠፉ ስላልገባቸው ለምን እንደሚያዩዋቸው ጮክ ብለው ጠየቁ። ሰዎቹ ጭናቸውን እየመቱ ዝም ሊያሰኟቸው ሞከሩ። ሰላቱ ሲያበቃ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልተቆጧቸውም፣ አልመቷቸውም፣ አልሰደቧቸውም፤ በሰላት ውስጥ የሰው ንግግር እንደማይገባ፣ የሚገባው ተስቢሕ፣ ተክቢርና ቁርኣን እንደሆነ በቀጥተኛ ቃል አስተማሯቸው። ሙዓዊያም ከዚያ በፊትም በኋላም ያን የመሰለ አስተማሪ እንዳላዩ መስክረዋል። ሐዲሱ በሶሒሕ ሙስሊም ይገኛል።

ሙዓዊያ ኦቲዝም ነበረባቸው ማለቴ አይደለም፤ ያልተማሩት ሥርዓት ነበር። ነገር ግን የሁሉም ዓይን ሲያፈጥብህ ምክንያቱ ሳይገባህ መቆም ምን እንደሚመስል እኔ አውቀዋለሁ። ማፍጠጥ አላስተማራቸውም። ያስተማራቸው ለስላሳና ግልጽ ቃል ነው።

ዐይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱምም (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከቁረይሽ ታላላቆች ጋር በተጠመዱበት ሰዓት መጥተው ንግግራቸውን አቋረጡ። ማን እንደተቀመጠ፣ ፊት እንዴት እንደተለወጠ ሊያዩ አይችሉም ነበር። በዚህም ምክንያት ሱረቱ ዐበሳ (80) ወረደች። ማየት ለማይችል ሰው ያላየው ነገር ጥፋት እንደማይቆጠርበት ከዚህ በላይ ምን ትምህርት አለ?

እኔም አጥፍቻለሁ

እዚህ ላይ ራሴን ነጻ አድርጌ ባልፍ ሐቅ አይሆንም። አንድ ወዳጄ አባቱ ሞተውበት ለተዕዚያ ሄድሁ። የሟች ዕዳ ከውርስ ክፍፍል በፊት መከፈል እንዳለበት ተምሬ ስለነበር ገና እንደገባሁ «የአባትህን ዕዳ ከፍለሃል ወይ?» አልሁት። ነገሩ እውነት ነው፤ ንያዬም ንጹሕ ነበር። ግን አባቱን በቀበረ በሰዓታት ውስጥ ያለን ሰው ልብ ሰበርሁ። ለአንድ ዓመት ያህል አላናገረኝም።

ለረጅም ጊዜ «እኔ ምን አጠፋሁ?» እያልሁ ተከራከርሁ። በኋላ የገባኝ፣ ንያዬ በአላህ ዘንድ ይጠብቀኝ ይሆናል እንጂ የወዳጄን ቁስል አይሽርም። ሄጄ «ጎድቼሃለሁ፤ አውፍ በለኝ» አልሁት። ስለ ኦቲዝም የነገርሁት ከታረቅን በኋላ ነው፤ ምክንያቴን አስቀድሜ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ሳይሆን ክርክር ይሆን ነበር።

ባለጌውንና ያልገባውን እንዴት እንለይ?

እንደኔ ላሉ ወንድሞችና እኅቶች የተጠቀምሁበትን ላካፍል። ሰው ሲያስቀይመኝ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ሁኔታዬን ያውቅ ነበር ወይ? ለሌላ ሰውስ እንዲሁ ይናገር ነበር ወይ? ከነገርሁት በኋላስ ቀጠለበት ወይ?

ለምሳሌ በአንድ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ዘፈኑ ጆሮዬን ሲሰነጥቀው ረዳቱን እንዲቀንስልኝ ለመንሁት። «ካልተመቸህ ኮንትራት ያዝ!» አለኝ፤ ተሳፋሪው ሳቀ። ረዳቱ ስለኔ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ሲመሽ የደከመውም እንዲሁ ነው፤ ለሌላውም ያንኑ ይል ነበር። እንግዲያው ነገሩ ጥላቻ አይደለም። በሱረቱል ፉርቃን (25) አንቀጽ 63 የአልረሕማን ባሮች ባለማወቅ ለሚናገራቸው ሰው በሰላም ቃል እንደሚመልሱ ተነግሮናል። «እሺ፣ ወራጅ አለ» ብዬ ወረድሁ። ከነገሩት በኋላ ሆን ብሎ የሚቀጥል ሰው ግን በዳይ ነው፤ ከእርሱ መራቅና መብትን በሕግ መጠየቅ ሰብር ማጣት አይደለም።

ሌላው፣ በኪሴ አንዲት ትንሽ ካርድ እይዛለሁ። «ኦቲዝም አለብኝ፤ ስደነግጥ መናገር ያቅተኛል፤ እባክዎ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» የሚል ተጽፎባታል። በዚያ የጁምዓ ቀን ብትኖረኝ ኖሮ ኮሌታዬ አይቀደድም ነበር። ያልገባኝን ነገር ደግሞ ማታ ለታላቅ እኅቴ እነግራታለሁ፤ ሰዎቹ ምን ማለታቸው እንደነበር ታስረዳኛለች። ብዙ ጊዜ «ስድብ ነው» ያልሁት ቀልድ፣ «ቀልድ ነው» ያልሁት ስድብ ሆኖ ይገኛል።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ አደራዬ ጥቂት ነው። ያልገባችሁን ሰው ከመወንጀላችሁ በፊት በዝግታ አንድ ጥያቄ ጠይቁና ጠብቁ። ሰውነቱን አትያዙ፣ አትክበቡት። የምትፈልጉትን በቀጥታ ቃል ንገሩት። ሁሉን ነገር ከጂን ጋር አታያይዙ፤ ቁርኣን ሺፋእ መሆኑን እናምናለን፣ ነገር ግን ልጅን ማሰርና መደብደብ ሩቅያ አይደለም። በሱረቱል ሑጁራት (49) አንቀጽ 12 ከጥርጣሬ ብዙውን እንድንርቅ የታዘዝነው ለምናውቀው ሰው ብቻ አይደለም።

ከሦስት ወር በኋላ ወደዚያ መስጂድ ተመለስሁ። ሐጂው በሩ ላይ አዩኝና «ጫማው ተዘበራርቆብናል፣ የት ጠፋህ ልጄ?» አሉኝ። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልለየሁትም፤ ጫማዎቹን ግን አስተካከልሁ። ከዚያ ወዲህ በአንዱ ጁምዓ ኮሌታዬን የያዘው ሰው በሰፉ ውስጥ በቀኜ በኩል ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ቆመ። ሰላቱ አበቃና ፊቴን ወደ ቀኝ አዞርሁ። ያ ሰላምታ ለእርሱም ነበር፤ አላስቀረሁበትም።

አላህ ሱብሓነሁ ወተዓላ ልባችንን ከክፉ ጥርጣሬ ያጽዳልን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።