የወላጆች አያያዝና የልጆች ወንድማማችነት

ልጅ ከሰው ጋር መኖርን በቅድሚያ የሚማረው በቤቱ ነው። ከወንድሙና ከእኅቱ ጋር ሲጣላና ሲታረቅ የለመደውን፣ ኋላ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ መጫወቻ ሜዳ ይዞት ይወጣል። ስለዚህ የወላጆች አያያዝ በእነርሱና በልጁ መካከል ብቻ የሚቀር ጉዳይ አይደለም።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ሊቅ ዳያና ባውምሪንድ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጽሑፍ ሦስት ዓይነት አስተዳደግ ለይተው አሳይተዋል። አንደኛው ትእዛዝ የበዛበትና ምክንያት የማይነገርበት የፈላጭ ቆራጭ አያያዝ ነው። ሁለተኛው ልጁን እንደ ወደደ የሚለቅ ነው። ሦስተኛው ሥርዓትን ከፍቅር ጋር ያስተባብራል፤ ሲከለክልም ምክንያቱን ያስረዳል። በፍርሃት ብቻ የተገዛ ልጅ በተራው ታናሹን በፍርሃት ለመግዛት ይፈተናል። በልቅነት ያደገውም ተራ መጠበቅን ስለማይለምድ ከጓደኞቹ ጋር መስማማት ይቸግረዋል። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» ይባላል፤ ነገር ግን ንፍጡን ሳይጠርጉ መተው ፍቅር አይደለም።

ሌላው አደጋ ማበላለጥ ነው። ያዕቆብ ያደገው አባቱ ዔሳውን፣ እናቱ ደግሞ እርሱን በሚያስበልጡበት ቤት ነበር (ዘፍ. 25)። አባት በሆነ ጊዜም ዮሴፍን ከወንድሞቹ አብልጦ ወደደ፤ ቂምም ተወለደ (ዘፍ. 37)። ይህ ማለት ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ይደረግ ማለት አይደለም። አማንዳ ኮዋልና ሎሪ ክሬመር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ የአያያዙን ልዩነት ተገቢ ነው ብለው የተቀበሉ ልጆች ስለ ወንድማማችነታቸው የተሻለ አመለካከት እንዳላቸው ታይቷል። ለታመመው ልጅ ብቻ እንቁላል ሲሰጥ፣ ለጤነኛው ምክንያቱን መንገር ይገባል።

ልጆች ሲጣሉ ብዙ ወላጆች ፈጥነው ዳኛ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በካናዳ ጁሊ ስሚዝና ሂልዲ ሮስ ያሳተሙት ጥናት ግን የሽማግሌን መንገድ ያመለክታል። በዚህ መንገድ ወላጆች በመጀመሪያ የመነጋገሪያ ደንብ ያኖራሉ፤ ቀጥሎ የጠቡን ምክንያት ይለያሉ፤ ከዚያም እያንዳንዱ የሌላውን ስሜት እንዲረዳ ያግዛሉ፤ በመጨረሻም መፍትሔውን ለልጆቹ ይተዋሉ። እንዲህ የተሸመገሉት ልጆች በመነጋገርና የሌላውን ሐሳብ በመረዳት ከሌሎቹ ልቀው ተገኝተዋል። በኳስ ምክንያት ከእኅቱ ጋር መነጋገርን የለመደ ልጅ፣ ነገ ከጓደኛው ጋር ሲጋጭ ድንጋይ ከማንሣቱ በፊት የሚናገረው ቃል አያጣም።

ለውይይት፦
1. በቤታችሁ ከልጆች መካከል ዘወትር የሚመሰገነው ማን ነው? ሌሎቹስ ይህን እንዴት ያዩታል?
2. ባለፈው ሳምንት ልጆቻችሁ ሲጣሉ ዳኛ ሆናችሁ ወይስ ሽማግሌ?